ፕሮግራም አልራገፍ ባለ ቁጥር ኮምፒውተር ፎርማት አይደረግ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባሕር ዳር ውስጥ ከጊዮርጊስ እስከ ቀበሌ 14፣ ከዚያም አልፎ እስከ ፔዳ በር ድረስ ባሉት ኮምፒውተር ቤቶች፣ አንድ ፕሮግራም አልራገፍ ሲል ወይም ከተራገፈ በኋላ ተመልሶ አልጫን ሲል የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ።» ዲስኩ ይጠረግና ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን ማለት ነው። የምንተዳደረው በዚሁ በጥገናው ሥራ ነውና የምንወቅሰው የገዛ ሙያችንን ልማድ ነው። ፎርማት ለሠራተኛው ይቀለዋል፤ ምርመራ አይጠይቅም፣ ዋጋውም የታወቀ ነው። ዕዳው የሚተርፈው ለባለቤቱ ነው። ለትኋን ሲባል ቤት አይቃጠልም።

«ዲ ድራይቭ አይነካም፣ ሲን ብቻ ነው የማጠፋው» የሚለው ማጽናኛ ብዙ ሰው አዘናግቷል። ዴስክቶፕ ላይ የሚታየው ፋይል፣ ዶክመንትስ፣ ፒክቸርስና ዳውንሎድስ ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ባለቤቱ ሆን ብሎ ቦታውን ካልቀየረው በቀር፣ የሚቀመጠው ዊንዶውስ ባለበት በዚያው ሲ ላይ ነው። በብራውዘሩ የተያዙት የይለፍ ቃሎች፣ ፕሪንተሩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ድራይቨር፣ የድሮው የአማርኛ ፎንት፣ ብዙ ጊዜም ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም የተያዘው ሒሳብ እንዲሁ። ከዘጌ በጀልባ ወይም ከመራዊ በሚኒባስ ሲስተም ዩኒቱን ተሸክሞ የመጣ ሰው የጎደለበትን የሚያውቀው ቤቱ ገብቶ ሲከፍተው ነው።

አንድ ፕሮግራም ሲጫን የሚገባው አንድ ፎልደር ውስጥ ብቻ አይደለም። ዋናው አካሉ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ይገባል፤ ባለ 32 ቢት ከሆነ ደግሞ ኤክስ86 የሚል የታከለበት ሌላኛው ፎልደር ውስጥ። የጋራ መረጃው ፕሮግራም ዳታ በሚባል የተደበቀ ፎልደር፣ የእያንዳንዱ ተጠቃሚ ምርጫና ጊዜያዊ ፋይል በተጠቃሚው ስም ሥር አፕዳታ ውስጥ ይቀመጣል። ከዚህ ሌላ ሬጅስትሪ በሚባለው፣ ዊንዶውስ የራሱንና የፕሮግራሞችን ቅንብር በሚይዝበት መዝገብ ላይ ይመዘገባል፤ ዊንዶውስ ሲነሣ አብሮ የሚነሣ ሰርቪስ ሊተክል፣ ታስክ ስኬጁለር ላይ ቀጠሮ ሊያስይዝ፣ ድራይቨር ሊጨምርም ይችላል። ኮንትሮል ፓናል ውስጥ ፕሮግራምስ ኤንድ ፊቸርስ ላይ የምናየው ዝርዝር ራሱ ከሬጅስትሪ የሚነበብ ነው። እያንዳንዱ መስመር ስም፣ የስሪት ቁጥርና የፕሮግራሙን የራሱን ማራገፊያ የሚያስነሣ ትእዛዝ ይዟል፤ የማራገፉን ሥራ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ፕሮግራሙ ይዞት የመጣው ማራገፊያ ነው።

ጣጣው የሚጀምረውም ከዚሁ ነው። ሰው ፕሮግራም ፋይልስ ገብቶ ፎልደሩን በሺፍትና ዲሊት ሲያጠፋ ማራገፊያውም አብሮ ይጠፋል። ከዚያ ዝርዝሩ ላይ ገብቶ አንኢንስቶል ሲል ዊንዶውስ ፕሮግራሙ ቀድሞ ተራግፎ ሊሆን እንደሚችል ይነግረውና ስሙ ከዝርዝሩ ይውጣ እንደሆን ይጠይቀዋል። እሺ ካለ የሚጠፋው ስሙ ብቻ ነው። ሰርቪሱ፣ ቀጠሮውና የሬጅስትሪው ምዝገባ ባሉበት ይቀራሉ፤ በኋላ አዲስ ስሪት ሲጫን «ሌላ ስሪት አለ» ብሎ እንቢ የሚለው በእነሱ ምክንያት ነው። እንዲህ ለሆነ ፕሮግራም ከሁሉ የሚቀለው መድኃኒት ያንኑ ስሪት እላዩ ላይ ደግሞ መጫንና ከዚያ በወጉ ማራገፍ ነው። ማራገፊያው ይመለሳል፤ ዝርዝሩም ይስተካከላል። ዴስክቶፕ ላይ ያለችውን ሾርትከት ብቻ አጥፍቶ «አውጥቼዋለሁ» የሚለው ደግሞ ምንም አላወጣም።

ሥራው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ሪስቶር ፖይንት፣ ማለትም ነገር ከተበላሸ ሲስተሙ የሚመለስበት ነጥብ፣ ይፈጠራል። ብዙ ማሽኖች ላይ ይህን የሚሠራው ሲስተም ፕሮቴክሽን ከነጭራሹ ተዘግቶ ስለሚገኝ፣ ሲ ድራይቭን መርጦ ኮንፊገር በሚለው በኩል ማብራትና ከዲስኩ 5 በመቶ ያህል ቦታ መስጠት ያስፈልጋል። ሪስቶር ፖይንት የሚመልሰው ሲስተሙን እንጂ የሰውን ሰነድ አይደለምና ሰነዱ ለብቻው ወደ ሌላ ዲስክ ይቀዳል። ቀጥሎ ፕሮግራሙ ይዘጋል፤ መስኮቱን መዝጋት አይበቃም፣ ሰዓቱ አጠገብ ያለችው ትንሿ ምልክቱ ላይ በቀኝ ተጭኖ ማስወጣት፣ እንቢ ካለም በታስክ ማናጀር ማስቆም ነው። ከዚያ በራሱ ማራገፊያ ይራገፋል፤ ኮምፒውተሩም ሪስታርት ይደረጋል።

ይህችን ሪስታርት ብዙ ሰው ይዘላታል። በሥራ ላይ ያለ ፋይል ወዲያው አይጠፋም፤ ማራገፊያው ስሙን «በሚቀጥለው መነሣት ይጥፋ» ከሚል መዝገብ ላይ ይጽፈዋል። ሪስታርት ሳይደረግ አዲሱ ስሪት እዚያው ቦታ ላይ ከተጫነ፣ ኮምፒውተሩ በሚቀጥለው ጊዜ ሲነሣ በመዝገቡ መሠረት የሚያጠፋው አዲሱን ፋይል ነው። «ትናንት ጭነን ሠርቶ ነበር፣ ዛሬ ጠዋት አልከፈት አለ» ከሚባለው ብልሽት አንዱ ምንጭ ይህ ነው። ደግሞ ሻት ዳውን አድርጎ ማብራት ሪስታርትን አይተካም። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ፋስት ስታርታፕ ከበራ ሻት ዳውን ከርነል የሚባለውን የሲስተሙን እምብርት ዲስክ ላይ አስተኝቶ ጠዋት መልሶ ይቀሰቅሰዋል፤ መዝገቡ አይታይም። ሪስታርት የሚለውን ራሱን መጫን ነው።

መብራትም አለ። ላፕቶፕ በባትሪው ይተርፋል፤ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ላይ ግን ማራገፊያው ግማሽ መንገድ ላይ ሳለ መብራት ከሄደ ከፊሉ ፋይል ጠፍቶ ከፊሉ ይቀራል። ኤምኤስአይ በሚባለው በዊንዶውስ ኢንስቶለር የተጫኑ ፕሮግራሞች እያንዳንዱን እርምጃ እየመዘገቡ ስለሚሄዱ መብራት ሲመለስ የተጀመረው ሥራ ይመለስ እንደሆን ይጠይቃሉ፤ ይመለስ ብሎ ከዚያ እንደገና መጀመር ነው። ሌሎቹ ይህ የላቸውም። እንግዲህ መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ሰዓት ትልልቅ ነገር አታራግፉ።

ስለ ኤምኤስአይ ከተነሣ፣ የዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ኢንስቶለር የሚባል የተደበቀ ፎልደር አለ። ብዙ ጊጋባይት ሊይዝ ስለሚችል ቦታ ለማስለቀቅ ሲባል ይጠፋል፤ የሚያጠፉት ሠራተኞችም አሉ። እያንዳንዱ በኤምኤስአይ የተጫነ ፕሮግራም ለመታደስም ለመራገፍም የሚያስፈልገው ቅጂ ያለው ግን እዚያ ነው። ከጠፋ በኋላ ማራገፊያው ፋይሉ ያለበትን አሳዩኝ ብሎ ይቆማል፤ የዚያኑ ስሪት ትክክለኛ ሴትአፕ፣ ማለትም መጫኛ ፋይል፣ አግኝቶ ማሳየት ግድ ይሆናል። እሱም ካልተገኘ ማይክሮሶፍት በነፃ የሚሰጠው የመጫንና የማራገፍ ችግር ፈቺ የተበላሸውን ምዝገባ ያነሣዋል። የስሕተት ቁጥሮቹንም ማንበብ ይጠቅማል። 1618 ማለት ሌላ ጭነት ወይም ማራገፍ ከበስተኋላ እየሄደ ነው፤ ብዙ ጊዜ መጠበቅ ወይም ሪስታርት ይበቃዋል። 1605 ማለት ዊንዶውስ ይራገፍ የተባለውን ፕሮግራም እንደተጫነ አያውቀውም። 1603 ብዙ መንስኤ ስላለው ለብቻው ምንም አይነግርም። ከሦስቱ አንዱም ፎርማት አያስፈልገውም።

ማራገፊያ መሣሪያዎቹ የሚመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሬቮ አንኢንስቶለር፣ ጊክ አንኢንስቶለርና በክፍት ኮድ የተሠራው በልክ ክራፕ አንኢንስቶለር በአሠራር ይቀራረባሉ፤ በመጀመሪያ የፕሮግራሙን የራሱን ማራገፊያ ያስነሣሉ፣ እሱ ሲጨርስ በስሙ፣ በአምራቹ ስምና በነበረበት ፎልደር እየፈለጉ ትርፍራፊውን ያወጡታል። ብልሃታቸውም አደጋቸውም ያለው በፍለጋው ነው። ሬቮ ሦስት የፍለጋ ደረጃ አለው፦ ጥንቁቁ፣ መካከለኛውና ጥልቁ። ለዕለት ሥራ መካከለኛው ይበቃል። ጥልቁ ስም እያመሳሰለ ስለሚሄድ ከአንድ አምራች ሁለት ፕሮግራም ባለበት ማሽን ላይ፣ ለምሳሌ የአዶቢ ሪደር ሲራገፍ ፎቶሾፕ የሚጋራው ፎልደር ዝርዝሩ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ከሬጅስትሪው ዝርዝር የሚጠፋው በደማቁ የተጻፈው መስመር ነው፤ ፈዘዝ ብሎ የሚታየው መንገዱን ለማሳየት የተቀመጠ ነው። ሁሉንም ምረጥ የሚለውን ከመጫን በፊት እያንዳንዱን መስመር ማንበብ፤ ኮመን ፋይልስ የሚል ካለበት መተው፤ ምን እንደሆነ ያልታወቀውንም መተው። የተረፈ አንድ የሬጅስትሪ መስመር ማንንም አይጎዳም፤ በስሕተት የጠፋ አንድ መስመር ግን ሌላ ፕሮግራም ይጥላል።

ለጥገና ቤት ጊክ ይመቻል፤ መጫን የማያስፈልገው አንድ ትንሽ ፋይል ስለሆነ አንዴ ከአምራቹ ገጽ አውርዶ በፍላሽ መያዝ ይቻላል። ብቻ ፍላሹን ጠብቁት። ሳሊቲን የመሰሉ ቫይረሶች ከሚሠራ ፋይል ሁሉ ላይ እየተለጠፉ ነው የሚባዙት፤ ከደንበኛ ኮምፒውተር ወደ ደንበኛ ኮምፒውተር የሚዞር የማራገፊያ ፍላሽ ከተማውን ሊያዳርሰው ይችላል። መሣሪያውን ሲዲ ላይ አቃጥሎ ከዚያ መቅዳት፣ ወይም መቆለፊያ ያለው ፍላሽ መጠቀም ይሻላል። በማስታወቂያ በተሞሉ የማውረጃ ገጾች ላይ «ዳውንሎድ» የሚለው ትልቁ አረንጓዴ ቁልፍ ብዙውን ጊዜ ከተፈለገው ፕሮግራም ጋር ዝምድና የለውም። ማራገፊያ ፍለጋ ገብቶ የሚራገፍ ነገር ይዞ መውጣት የተለመደ ነው።

አንቲቫይረስ ለብቻው ይታያል። ራሱን ከቫይረስ ለመከላከል የተሠራ ስለሆነ ከማራገፊያ መሣሪያም ይከላከላል፤ ግማሹ ብቻ ከወጣ የቀረው የኔትወርክ ማጣሪያ ድራይቨር ኢንተርኔቱን ሊዘጋው ይችላል። ካስፐርስኪ፣ አቫስት፣ ኢሴት፣ ማካፊ እያንዳንዳቸው ለዚሁ ሥራ የተሠራ የራሳቸው ማስወገጃ በነፃ ይሰጣሉ። ከሁሉ በፊት የተገዛበት የማግበሪያ ኮድ ይጻፍ፤ ፈቃዱ ዓመቱን ያልጨረሰ ከሆነ ያለ ኮዱ መልሶ መጫን ጣጣ ነው። የአቫስትና የኢሴት ማስወገጃዎች የሚሠሩት ዊንዶውስ በጣም አስፈላጊውን ብቻ ይዞ በሚነሣበት በሴፍ ሞድ ነው፦ ሺፍትን ይዞ ሪስታርትን መጫን፣ ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርታፕ ሴቲንግስ፣ ሪስታርት፣ ከዚያ 4 ቁጥር። ዲስኩ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ የተቆለፈ ከሆነ ቁልፉን ሊጠይቅ ስለሚችል አስቀድሞ ማግኘት ነው። ነገር ግን ሴፍ ሞድን ለሁሉም ነገር መድኃኒት ማድረግ አይገባም። ዊንዶውስ ኢንስቶለር እዚያ በተለመደው ሁኔታ ስለማይነሣ ኤምኤስአይ የሆነ ፕሮግራም በሴፍ ሞድ አይራገፍም፤ ይህን የማያውቅ ሠራተኛ «በሴፍ ሞድም እንቢ አለ፣ በቃ ፎርማት ነው» ይላል። ሌላ አንቲቫይረስ ሲወጣ የዊንዶውሱ ዲፌንደር በራሱ ይመለሳል፤ መመለሱን ግን ከፍቶ ማየት ነው።

ፒችትሪ ላይ ቆም እንበል፤ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ የሒሳብ ሠራተኛው እንባ የሚመጣው ከእሱ ነው። ፒችትሪ ብቻውን አይጫንም። መረጃውን የሚያነብለት ፐርቫሲቭ የሚባል ሌላ ሞተር አብሮ ይገባል፤ በዝርዝሩም ላይ በራሱ ስም ለብቻው ይታያል። «ይህ ምንድን ነው? አናውቀውም» ተብሎ ፐርቫሲቭ ብቻ ከተራገፈ ፒችትሪ ምልክቱ እያለ አይከፈትም። ተቃራኒውም አለ፤ ፒችትሪ ተራግፎ የተበላሸ ፐርቫሲቭ ከቀረ አዲሱ ጭነት እላዩ ላይ ይደናቀፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ፒችትሪን ከፍቶ ከፋይል ሜኑ ባክ አፕ መውሰድ፤ የሚወጣው ፋይል ስሙ በፒቲቢ የሚያልቅ ነው፤ እሱን በፍላሽና በሌላ ኮምፒውተር ማስቀመጥ። ፕሮግራሙ ካልተከፈተ የድርጅቱ መረጃ ያለበትን ሙሉ ፎልደር የፐርቫሲቭን ሰርቪስ አስቁሞ መቅዳት። የሲሪያል ቁጥሩን መጻፍ። ከዚያ ፒችትሪ፣ ቀጥሎ ፐርቫሲቭ፣ ሪስታርት፣ በመጨረሻ ፒችትሪን ከራሱ ሴትአፕ መልሶ መጫን፤ ፐርቫሲቭን ራሱ ያመጣዋል። ባክ አፑ የሚመለሰውም በዚያው ወይም ከዚያ በላይ ባለ ስሪት ነው፤ የ2010ሩን ባክ አፕ ከዚያ ባነሰ ስሪት ለመክፈት መሞከር ዋጋ የለውም።

የአማርኛ መጻፊያዎችም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻሉ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት፣ ከዚያ በኋላም ለዓመታት በየጽሕፈት ቤቱ የቆዩት ፎንቶች አማርኛውን የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር። እንዲህ የተጻፈ ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ ፎንቱ ከኮምፒውተሩ ሲወጣ የተመሰቃቀለ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይታያል። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ቫይረስም አይደለም፤ ያው ፎንት ሲመለስ ይመለሳል። አሮጌ የአማርኛ መጻፊያ ከማራገፍ በፊት ፎንትስ ከሚባለው ፎልደር የእሱን ፎንቶች ለብቻ መቅዳት፣ አስፈላጊውንም ሰነድ ፒዲኤፍ አድርጎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። አዲሶቹ በዩኒኮድ የተጻፉት ችግር የለባቸውም፤ ዊንዶውስ 10 ኢብሪማ የተባለውን ፎንት ይዞ ስለሚመጣ ያለ ምንም ጭነት ይነበባሉ።

ማይክሮሶፍት ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ የሚል በተለያየ ዓመተ ምሕረት ደጋግሞ የተጻፈ ዝርዝር ያየ ሁሉ «ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል» ብሎ ያወጣዋል። አይውጣ። የ2008ቱ የ2010ሩን አይተካም፤ እያንዳንዱን የሚፈልግ ፕሮግራም አለ፤ የሚይዙትም ቦታ ትንሽ ነው።

ሬጅስትሪ አጽጂ ተብለው የሚጫኑትን በተመለከተ ሐሳባችን አጭር ነው፦ አያስፈልጉም። ማይክሮሶፍት ራሱ አይደግፋቸውም። ሬጅስትሪ ውስጥ ያለው መስመር እጅግ ብዙ ነው፤ ጥቂት መቶ ማንሣት ፍጥነት አይጨምርም። እምነት የሚጣልበት ስም ያለውም ቢሆን አደጋ አያጣውም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የሲክሊነር 5.33 ስሪት ከአምራቹ ገጽ ሲወርድ ተንኮል አዘል ኮድ ተቀላቅሎበት ወደ 2.27 ሚሊዮን ተጠቃሚዎች ደርሶ ነበር። ኮምፒውተር ሲዘገይ መጀመሪያ የሚታየው ታስክ ማናጀር ላይ ስታርታፕ የሚለው ነው፤ ቀጥሎ ራሙ 4 ጊጋባይት ብቻ መሆን አለመሆኑ፤ ከዚያም ዲስኩ የሚሽከረከረው ዓይነት ወይስ ኤስኤስዲ እንደሆነ።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር ደግሞ የክራክ ነው። ዊንዶውስን ወይም ኦፊስን ያለ ፈቃድ የሚያነቁ ፕሮግራሞች በዝርዝሩ ላይ ብዙውን ጊዜ አይታዩም። ታስክ ስኬጁለር ላይ ቀጠሮ ይተዋሉ፤ ይብሱን ብዙዎቹ ዲፌንደር እንዳይፈትሸው የሚያደርጉት ፎልደር አለ። ፕሮግራሙ ቢጠፋም ፎልደሩ ከፍተሻ ነፃ እንደሆነ ይቀራል፤ ቆይቶ እዚያ ፎልደር ውስጥ የሚገባ ሌላ ቫይረስ ማንም አያየውም። ዊንዶውስ ሴኩሪቲ፣ ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን፣ ማኔጅ ሴቲንግስ፣ ወደ ታች ወርዶ ኤክስክሉዥንስ የሚለው ውስጥ ገብቶ የማይታወቀውን ማንሣት ነው።

ፎርማት የሚገባበት ጊዜ የለም አንልም። የሚሠሩ ፋይሎችን ሁሉ የሚበክል ቫይረስ ከገባ፣ የተቆለፈ ፋይል አሳይቶ ገንዘብ የሚጠይቅ ከመጣ፣ የዊንዶውስ ፋይሎች በራሱ መጠገኛ አልስተካከል ካሉ ፎርማት ተገቢ ነው። ዲስኩ ራሱ መበላሸት ከጀመረ ግን ፎርማት ማድረግም ከንቱ ነው፤ መረጃውን አውጥቶ ዲስኩን መቀየር ነው። ከፎርማት በፊት ደግሞ ሪሴት ዚስ ፒሲ የሚባል መካከለኛ መንገድ አለ፤ ኪፕ ማይ ፋይልስ ከተመረጠ ፕሮግራሞቹን አውጥቶ የተጠቃሚውን ሰነድ ይተዋል፣ ያወጣቸውንም ፕሮግራሞች ስም ዝርዝር ዴስክቶፕ ላይ ያስቀምጣል። ከተጠቃሚው ፎልደር ውጭ ያለው፣ ለምሳሌ በቀጥታ ሲ ላይ የተቀመጠ የፒችትሪ መረጃ፣ በዚህ መንገድ ይተርፋል ብላችሁ እንዳታምኑ፤ አስቀድማችሁ ቅዱት።

ኮምፒውተር ቤቶችን የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ፎርማት ከማለታቸው በፊት የስሕተቱን መልእክት ያንብቡ፤ ደረሰኙ ላይ «ሶፍትዌር» ብሎ ከመተው ምን ተራገፈ፣ ምን ተጫነ፣ ቅጂው የት ተቀመጠ የሚለውን ይጻፉ። ደንበኛም ሒሳቡን ከመክፈሉ በፊት እዚያው ቆሞ ፒችትሪውን ያስከፍት፣ አንድ የቆየ የአማርኛ ሰነድ ያስነብብ፣ ፕሪንተሩ እዚያ ባይኖርም ድራይቨሩ መኖሩን ያሳዩት።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
በኮምፒውተር ጥገና ሥራ የተሰማራን ባለሙያዎች
ባሕር ዳር